አፍንጫን ማስቀየርና ቢላዋ የማይደርስበት ቁስል



በአገራችን ስለ መልክ ሲወራ አፍንጫ ሳይነሣ አይቀርም። አንዷን «ሰልካካ» ብለን እናሞግሳለን፤ ሌላዋን «ጎራዳ»፣ «ደፍጣጣ» ብለን እናንጓጥጣለን። በነገሌ ቦረና በአንድ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሱማልኛና አማርኛ ይነገራል፤ በሦስቱም ቋንቋዎች ለዚህ የሚሆን ቃል አይጠፋም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ «ይህችስ በአፍንጫዋ የአባቷን ወገን ወጥታለች» ይባልና ይሳቃል። ልጅቷም አብራ ትስቃለች። እንግዶቹ ሲሄዱ ሳቁን ይረሱታል፤ እርሷ ግን ይዛው ትተኛለች።

ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ለውበት ሲባል የአፍንጫን ቅርጽ በቀዶ ሕክምና ማስቀየርና ይህም በታካሚው ስሜትና አእምሮ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው። «ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው፤ እኛ ቆላ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ይህን ሕክምና ፍለጋ ወደ ነገሌ፣ ወደ ፊልቱ፣ ወደ ዶሎ አዶ ወይም ወደ ሞያሌ የሚመጣ ሰው የለም። ፍላጎቱ ግን ከሐኪሙ ቀድሞ ደርሶልናል። በየልጁ እጅ ስልክ አለ። በየቤቱ ማለት ይቻላል በዐረብ አገር፣ በናይሮቢ ወይም በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ አለ። ከኢስታንቡል የሚሰራጨው የአፍንጫ ሕክምና ማስታወቂያ ያለ ፓስፖርት ድንበራችንን ያልፋል። እኛም ጧት በመንግሥት ት/ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ስለምናስተምር ልጆቹ የሚያወሩትን በሁለቱም ቦታ እንሰማለን። ቀድሞ «ስጨርስ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ» ትል የነበረች ልጅ «ገንዘብ ሳገኝ አፍንጫዬን አሠራለሁ» ስትል ስንሰማ ዝም ማለት አልቻልንም።

የነገሩ አጀማመር

የአፍንጫ ጥገና በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በጥንታዊት ሕንድ ሱሽሩታ በተባለው ሐኪም ስም የሚታወቀው መጽሐፍ የተቆረጠ አፍንጫ ከጉንጭ በተወሰደ ቆዳ እንዴት እንደሚጠገን ይገልጻል። በዚያ አገር አፍንጫ መቁረጥ የቅጣት ዓይነት ስለነበረ ሕክምናው የጠፋን አካል መመለስ ነበር።

ጤነኛውን አፍንጫ ለመልክ ሲባል መቅረጽ ግን ከመቶ ዓመት ብዙም የማይበልጥ ታሪክ ያለው ነው። በዚህ ረገድ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የበርሊኑ ሐኪም ዣክ ዮሴፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ጆሮዎቹ ተለቅ ብለው ወደ ውጭ የወጡ አንድ ልጅ ወደ እርሱ መጣ። ልጁ ጓደኞቹ ስለሚሳለቁበት «ት/ቤት አልሄድም» ብሎ ነበር። ዮሴፍ ጆሮዎቹን አስተካከለለት። ይሠራበት የነበረው ክሊኒክ ግን በዚህ ድርጊቱ ምክንያት ከሥራ አሰናበተው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1898 ደግሞ በአፍንጫው ትልቅነት የሰው ዓይን ስለበዛበት ከሰው መካከል መገኘት ያስጠላው አንድ ጎልማሳ መጣ። ዮሴፍ አፍንጫውን አሳነሰለት፤ ሰውዬው ከሐዘኑ ወጥቶ ከሰው ጋር መቀላቀሉንም ለበርሊን ሐኪሞች ማኅበር አስረዳ። በኋላም ማንነታቸው በአፍንጫቸው ተለይቶ እንዳይናቁ የፈለጉ የጀርመን አይሁዶች ወደ እርሱ ይመጡ ጀመር።

ውድ አንባቢያን! እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልጁን ከት/ቤት ያስቀረው ጆሮው ነበርን? ጆሮው የሚሰማ ጤነኛ ጆሮ ነበር። የታመመው የት/ቤቱ ግቢ ነው። ቢላዋ የተነሣው ግን በተሰደበው ልጅ ላይ እንጂ በተሳዳቢዎቹ ጠባይ ላይ አልነበረም። ይህ ሕክምና ገና ሲጀመር የሰው ምላስ ያቆሰለውን በቢላዋ ለማዳን የተደረገ ሙከራ ነበር። እስከ ዛሬም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን እውነቱን እንናገር። ስለ ታካሚዎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የአፍንጫቸውን ቅርጽ ካስቀየሩት ሰዎች አብዛኞቹ በውጤቱ መደሰታቸውን ይገልጻሉ፤ በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነትም ይሻሻላል። ስለዚህ «ያደረገ ሁሉ ይጸጸታል» ብለን ልጆቻችንን ብናስፈራራ ነገ እውነቱን ሲያውቁ ሌላውን ምክራችንንም አይቀበሉንም።

ሆኖም መንገዱ ማስታወቂያው እንደሚያሳየው አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ያብጣል፤ ከዓይን ሥር ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ ማልቀስ፣ መከፋትና «ምን ነካኝ?» ማለት የተለመደ ነው። እብጠቱ ፈጽሞ ጠፍቶ የመጨረሻው ቅርጽ እስኪታይ አንድ ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሰውየው ይህን ሁሉ ጊዜ መስታወት ሲያይ ከማያውቀው ፊት ጋር ይተያያል። በተለያዩ ጥናቶች ከመቶ ታካሚዎች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ተመዝግቧል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሕመማቸው ከመጀመሪያውም አፍንጫቸው ላይ ያልሆነ ሰዎች የሚደርስባቸው ነው። ጣሊያናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤንሪኮ ሞርሴሊ እ.ኤ.አ. በ1891 አንድ የጭንቀት ሕመም ለይቶ ገለጸ። በሕመሙ የተያዘ ሰው፣ ሌላው የማያየውን ወይም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን የመልክ እንከን እንደ ትልቅ ጉድለት እያየ ቀኑን በእርሱ ይፈጃል። በመስታወት ፊት ሰዓታት ያሳልፋል፤ ወይም መስታወትን ጨርሶ ይሸሻል። «እስቲ እየኝ፣ ጠማማ ነው አይደል?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ መልሱ አያሳርፈውም። ይህ ሕመም ከመቶ ሰው ወደ ሁለቱ እንደሚገኝ ይገመታል፤ ለውበት ቀዶ ሕክምና ከሚሰለፉት መካከል ግን በብዙ እጥፍ ይበዛል። አፍንጫም ጭንቀቱ ከሚያርፍባቸው የአካል ክፍሎች አንዱ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ቢላዋ መድኃኒት አይሆናቸውም። አፍንጫው ቢስተካከል እንኳ ጭንቀቱ ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ጥርስ ይዛወራል፤ ወይም «የባሰ አበላሹኝ» ወደሚል ቁጣና ተስፋ መቁረጥ ይለወጣል። ሕይወትን እስከ መጥላት የሚደርሱም አሉ። የሚረዳቸው በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምናና እንደ አስፈላጊነቱ የአእምሮ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ነው።

የሟቹ ምስል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ለዒድ ወደ ነገሌ የመጣች አንዲት እህት ነበረች። አፍንጫዋን አሠርታለች፤ ሥራውም የሚነቀፍ አልነበረም። ሴቶቹ ከበቧትና «ማሻአላህ፣ እንዴት አማረብሽ!» አሏት። አሮጊቷ እናቷ ግን ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ካዩ በኋላ «የአባትሽን አፍንጫ ምን አደረግሽው?» ብለው ጠየቋት። አባቷ አርብቶ አደር ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ፎቶግራፍ ተነሥተው አያውቁም። እናት የባላቸውን መልክ የሚያዩት በዚያች ልጅ ፊት ላይ ነበር።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን እርሷ ራሷ በኋላ የነገረችን ነው። «አልከፋኝም፤ መልኬ ተሻሽሏል» አለችን። «ነገር ግን ሰው ‹አማረብሽ› ባለኝ ቁጥር የምሰማው ሌላ ነው። ‹ለካ ያኔ እንደዚያ አስቀያሚ ነበርሽ› ያሉኝ ይመስለኛል።» ምስጋናው ለአዲሱ አፍንጫ ሲሆን፣ ስድቡ ግን በፊት ለነበረችው ልጅ ተረጋገጠላት ማለት ነው። ቢላዋው ያልደረሰበት ቁስል ይህ ነው።

ስልኩና አፍንጫው

ወጣቶቻችን አፍንጫቸውን የሚለኩት በስልክ ካሜራ ነው። ይህ መለኪያ ግን ያጭበረብራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሐኪሞች የታተመ ጥናት እንዳሰላው፣ በክንድ እጥፋት ልክ ማለትም በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ፎቶ፣ ከ1.5 ሜትር ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ወደ ካሜራው የቀረበው አካል ስለሚገዝፍ ነው። እንግዲህ ልጆቻችን የሚያዝኑበት የአፍንጫ ስፋት ከፊሉ የእነርሱ አይደለም፤ የካሜራው ነው። ይህን በክፍል ውስጥ በስልክና በሜትር ለክተን ስናሳያቸው በጣም ይገረማሉ፤ ወላጆችም በቤታቸው ሊሞክሩት ይችላሉ።

የአፍንጫ ስፋትና ጥበትም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የዘር ውርስ ጥናት የአፍንጫ ቀዳዳ ስፋት ከአያቶቻችን የአየር ጠባይ ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። ሞቃትና እርጥበት ባለበት አገር ሰፋ ይላል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነበት አየሩ እስኪሞቅና እስኪርስ እንዲዘገይ ጠበብ ይላል። ግመል በአሸዋ ነፋስ መካከል አፍንጫዋን መዝጋት መቻሏን እያየን «ሱብሓነላህ» የምንል የቆላ ሰዎች፣ በልጃችን አፍንጫ ውስጥ ያለውን ጥበብ ማየት ለምን አቃተን?

ፊቷን የሸፈነችው ልጅ

ከምናስተምራቸው የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ ባንድ ወቅት ከዓይኗ በታች ፊቷን በሻሿ ጫፍ መሸፈን ጀመረች። ሰፈሩ ደስ አለው፤ «ዲኗን ያዘች» ተባለ። በክፍል ግን እጇን ማውጣት ተወች። ስትጠየቅ ድምፅዋ አይሰማም። አንድ ቀን ለብቻዋ ስናነጋግራት «ኡስታዛ፣ ለአላህ ብዬ ቢሆን በወደድኩ። የሸፈንኩት አፍንጫዬን ነው» አለችን። ወንድሞቿ ከሕፃንነቷ ጀምረው «ጎራዳ» ይሏት ነበር፤ ቅጽል ስሙን ወደ ት/ቤት ያመጣውም አንደኛው ወንድሟ ነው። ውጭ ያለች አክስቷ ለቀዶ ሕክምናው ግማሹን እንደምትከፍል ቃል ገብታላታለች። ግማሹን ቤተሰቡ ከብት ሸጦ ይሙላ ተብሏል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአካባቢያችን አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ከብቱ እንዴት እንዳለቀ አንባቢ ያስታውሳል። የዚህ ቤት መንጋ ያኔ አልቆ የተረፉት ጥቂት ናቸው። እናት ግን ልጃቸው ሌሊት ስታለቅስ ስለሚሰሙ ለመሸጥ ቆርጠው ነበር። እንዲህ ላለች እናት «ሞኝ ነሽ» አይባልም።

እኛም ስለ አፍንጫዋ ከመናገር ይልቅ ስለ ስሙ መናገርን መረጥን። እናቷ ወንዶቹን ሰብስበው ያ ቃል በቤታቸው ዳግመኛ እንዳይሰማ ከለከሉ። አባትየው ታላቁን ልጅ ከጓደኞቹ ፊት እህቱን ይቅርታ እንዲጠይቅ አደረጉት። በክፍላችንም የቅጽል ስም ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። ከብቶቹ አልተሸጡም፤ የአክስቷም ሐሳብ ትምህርቷን እስክትጨርስ ቆየ። ልጅቷ ዛሬም ፊቷን ትሸፍናለች፤ «አሁን ግን ኒያዬ ሌላ ነው» ትላለች። የልብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እጇን ግን ታወጣለች፤ ድምፅዋም እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል።

ዲናችን ምን ይላል?

በሱረቱል ሑጁራት (49፡11) አላህ (ሱ.ወ.) ወንዶች በወንዶች፣ ሴቶችም በሴቶች እንዳይሳለቁ፣ በመጥፎ ቅጽል ስሞችም እንዳንጠራራ ከልክሎናል። በመድረሳ ይህን አንቀጽ በቃሉ የሚያነብ ልጅ በር ላይ ወጥቶ ጓደኛውን «ጎራዳ» ሲል ዝም ካልን ያስተማርነው ንባቡን ብቻ ነው።

የሶሓባው የዓርፈጃ ኢብን አስዐድ (ረ.ዐ.) ታሪክ የታወቀ ነው። በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆረጠ። ከብር ያሠራው አፍንጫ ስለሸተተበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ ያልተፈቀደ ሆኖ ሳለ ለዚህ ችግር መፈቀዱ የአካል ጉድለትን ማከም የተወደደ መሆኑን ያስረዳል። በሌላ በኩል ለውበት ብለው ጥርሳቸውን በሞረድ የሚያፋጩ፣ የአላህን አፈጣጠር የሚለውጡ ሴቶች የተወገዙበት ሐዲስ አለ፤ ፍንጭት ጥርስ ለሚወደድበት አገራችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባካሄደው 18ኛ ጉባኤው ሁለቱን ለይቷል። ከውልደት፣ ከቃጠሎ፣ ከአደጋ ወይም ከበሽታ የመጣን ጉድለት ማስተካከል፣ አካላዊ ወይም ነፍሳዊ ጉዳት የሚያስከትል እንከንን ማስወገድ የተፈቀደ ነው። ጤነኛና የተለመደ ቅርጽ ያለውን ፊት ስሜትን በመከተልና ሌሎችን ለመምሰል መለወጥ ግን አልተፈቀደም፤ የአፍንጫን ቅርጽ መቀየርም በምሳሌነት ተጠቅሷል። ስለዚህ በመኪና አደጋ አፍንጫው ተሰብሮ መተንፈስ የተቸገረ ወንድማችን፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን፣ በሥጋ ደዌ የአፍንጫው አጥንት የሰመጠበት ሰው መታከማቸው ነውር የለበትም። ኖማ የተባለው፣ የድሃ ሕፃናትን ጉንጭና አፍንጫ የሚበላው በሽታም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሞቃት አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ለጤነኛ አፍንጫ ስናለቅስ እነዚህን አንርሳ።

ያንን የጥርስ ሐዲስ ያስተላለፈው አብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ነው። እርሱ ራሱ እግሩ ቀጭን ነበረ። የጥርስ መፋቂያ ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ ነፋስ እግሩን ሲገልጠው ሰዎች ሳቁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሳቁበትን ምክንያት ጠይቀው፣ እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። ልብ በሉ! ኢብን መስዑድን «እግርህን ሸፍን» አላሉትም፤ የሳቁትን ግን አረሙ።

የበረሃው ሰው ዛሂር (ረ.ዐ.) ደግሞ መልከ መልካም አልነበረም። ገበያ ላይ ዕቃውን ሲሸጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከኋላው መጥተው አቀፉት፤ በጨዋታም እንደ ባሪያ ለሽያጭ አቀረቡት። እርሱም ዋጋ እንደማያወጣ ሲናገር፣ በአላህ ዘንድ ዋጋው የረከሰ እንዳልሆነ ነገሩት። ያቀፉት በአደባባይ፣ ሰው ሁሉ ሸቀጥ በሚተምንበት ገበያ መካከል መሆኑ ለእኛ ለግመልና ለከብት ገበያ ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ወላጆች ስለ ልጆቻችሁ መልክ በእንግዳ ፊት አታወዳድሩ። «እህቷ ታምራለች» የምትል አንዲት ቃል ለዓመታት ትቆያለች።

ሁለተኛ፣ መምህራንና ኡስታዞች ቅጽል ስምን እንደ ቀላል ጨዋታ አንለፈው። የተሳዳቢው ወላጅ ይጠራ እንጂ የተሰደበው ልጅ «ቻለው» ተብሎ አይሸኝ።

ሦስተኛ፣ ልጃችሁ በመስታወት ፊት ሰዓታት የምታሳልፍ፣ ከሰው የምትሸሽ፣ ከት/ቤት የምትቀር ከሆነ አትቆጧት። «ጅኒ ነው» ብላችሁም አትለፉት። ሩቅያ እየተቀራ በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ይቻላል፤ ካልሆነም አዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ።

አራተኛ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስቡ ወጣቶች ራሳቸውን ይጠይቁ፦ መተንፈስ ተቸግሬአለሁ ወይስ ተሰድቤአለሁ? ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው? ማንም የማያየኝ ምድረ በዳ ብኖር ይህን አደርገው ነበርን? ከዚያም ለገንዘቡ ከሚያስተዋውቀው ሳይሆን ከታማኝ ሐኪምና ከዐሊም ይማከሩ።

ውድ አንባቢያን! ቀዶ ሕክምናው ብዙ ገንዘብ፣ ሩቅ አገርና የተካነ ሐኪም ይፈልጋል። ምላስን ማረም ግን ነገሌም ሆነ ዶሎ አዶ፣ ዛሬ ማታ፣ ያለ ምንም ወጪ ይጀመራል። አላህ (ሱ.ወ.) ምላሳችንን ከማቁሰል፣ ልጆቻችንን ከሰው ዓይን ባርነት ይጠብቅልን። መልካችንን እንዳሳመረ ጠባያችንንም ያሳምርልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።